ሁለት መትቶ የሚያርፈው ልብ

ኅዳር 4

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የስፌት መኪናሽስ ጤናዋ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የነገርኩሽም ነገር እስካሁን ሆዴ ውስጥ ጸንቷል። ያለፈው ስለጨነገፈብኝ አፌን ሞልቼ ማውራት እፈራለሁ። ሐኪሜ «እስከ ግንቦት ከባድ ዕቃ እንዳታነሺ፣ እንዳትደነግጪም» ብላኛለች። ዕቃውን እሺ፣ ድንጋጤውን ግን የት አባቴ ላስቀምጠው?

በመንገደኛው እጅ የላክሁት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሰዓት አለ። ሰዓት ነው ብለሽ ስንት ሰዓት ሆነ እንዳትዪው፤ ሥራው ልብ መቁጠር ነው። አባባ ግራ እጁ ላይ ይሰርልኝ፤ ገላውን ሲታጠብ ብቻ አውልቆ ባትሪውን ይሙላው። መንገደኛው ከቤታችሁ ኢንተርኔት ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ የአባባ ልብ እዚህ ስልኬ ላይ መስመር እየሆነ ይታየኛል።

ሥራዬ ይኸው መሆኑን ታውቂያለሽ። የምንሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ሁሉ ስክሪን ነው። ታማሚዎቹ እኛ ጋ የሉም። በየቤታቸው ሰዓታቸውን አስረው ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ከሚስቶቻቸው ጋር ይጣላሉ፤ እኛ ልባቸውን ቁጭ ብለን እናያለን። ፊታቸውን አላውቀውም፤ ልባቸውን መንገድ ላይ ባገኘው ግን ሰላም ሳልለው አላልፍም።

አባባ ጉሮሮውን ከተቀደደ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም። አንቺም ጆሮሽ ስልክ እምቢ ካለ ቆየ። አንዱ መናገር አይችል፣ አንዷ መስማት አትችል፤ እኔ ለማን ልደውል? ስለዚህ ልቡ ያውራኝ። የእሱን ልብ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ፣ ምክንያቱም ያነክሳል። ሁለት ይመታል፣ ያርፋል። ሁለት ይመታል፣ ያርፋል። የክፍላችን ዋና ሐኪም የድሮ ምርመራውን አይታ «ምቱን የሚያስተላልፈው መስመር ደክሟል፤ ደረቱ ላይ ምት የሚያስጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ይግባለት» ብላለች። እባክሽ ለምኚልኝ። አንቺን ይሰማል።

የወንድምሽ ልጅ


ኅዳር 28

ለድምቡሼ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

የያዝሽው ይጽና፣ በሰላም ያገላግልሽ፣ ክፉ ወሬ ደጅሽን ይሳተው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከሜትሮሎጂ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላለኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። አባትሽ ሣጥኑን ሲከፍት ፊቱን ብታዪው! ሰሌዳው ላይ «ለጡረታዬ መሆኑ ነው?» ብሎ ጻፈ። ሥራውን ስነግረው በእጅጌው ጠረገውና «ፍየል ነኝ እንዴ ቃጭል የምታስሩብኝ!» ብሎ ጻፈ፤ ጠመኔው ተሰበረ። ደሞ እኮ አሰረው። አስሮም አልቀረ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ፎቁን በር ለበር እየዞረ አሳየ።

የመሣሪያውን ነገር ለምኜዋለሁ። «አንዴ ጉሮሮዬን ታርጃለሁ። በግ እንኳ ሁለቴ አይታረድም» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲያ ባነሳሁበት ቁጥር ጠመኔውን ኪሱ ይከታል፤ ወሬ አበቃ ማለት ነው።

ባለሙያ ግን አላጣንም። ምድር ቤት ስፖርት ቤት የከፈተው ጎረምሳ፣ ሰፈሩ «ጡንቻው» የሚለው፣ «ጋሼ፣ ልብ ማለት ጡንቻ ነው፤ ክብደት ካላነሱ ይሰንፋል» ይላል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ «አንተ ልትገላቸው ነው እንዴ? ጨው ይቀንሱ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ በቃ!» ትለዋለች። እኔ መሃላቸው ቆሜ ከንፈራቸውን ሳነብ አንገቴ ዞረ። ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ሐኪም ደግሞ ባለፈው እንቁላል ብሉ ብሎ ነበር፣ አሁን ከእንቁላል ተጠንቀቁ ይላል፤ ከዶሮዎቹ ጋር ተጣልቶ ይሆናል። በነገራችን ላይ ሁለቱ ልጆች የሚከራከሩት ስለ አባትሽ ልብ ብቻ አይመስለኝም። ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ደህና ነው።

አባትሽ የልጅቷን ሰማ። ሲመሽ ያን የሹፌርነት ካፖርቱን ይለብስና ከበራችን እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ በራችን ይመላለሳል። መታጠፊያው ላይ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ? እጁን ዘርግቶ ምልክት ያሳያል! ባዶ ኮሪደር ላይ! «ከኋላ የሚመጣ ቢኖርስ?» ነው መልሱ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 16

ለእቴቴ፤ ጤናሽ ይብዛልኝ።

ምልክት ማሳየቱን ካነበብኩ ወዲህ ስልኬን ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ። እናንተ ጋ ሲመሽ መስመሩ ፈጠን ይላል፤ ይሄኔ ኮሪደሩን ይዟል እላለሁ። ትንሽ ዝቅ ሲል ደግሞ፣ አሁን እጁን ዘረጋ።

እኛ ጋ የሆነውን ስሚ። አንዱ ታማሚያችን መራመድ ሰልችቶት ሰዓቱን ውሻው እግር ላይ አሰረው። ስክሪኑ ላይ ያ ደካማ ሽማግሌ እንደ ወጣት ሲሮጥ አየን፤ ልቡ ደግሞ የሰው አይመስልም። ደወልንለት። «ዛሬ በጣም ተንቀሳቀስኩ» አለን፤ ውሻው ከኋላው ይጮኻል። ዋና ሐኪሟ ስቃ ስታበቃ ምን አለች? «ሰው ይዋሻል፤ ልብ ግን መዋሸት አልተማረም።»

አሁን የማያስቀውን ልንገርሽ። የአባባ ዕረፍቷ እየረዘመች ነው። ሁለት ይመታል፣ ያርፋል፣ እኔም አብሬው ትንፋሼን እይዛለሁ። ዓይኑ ከጨለመበት፣ ካዞረው፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ውሰጂው። ጠመኔውን ኪሱ ቢከት እንኳ እየጎተትሽ ውሰጂው።

የወንድምሽ ልጅ


ጥር 22

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም ደህና ነው። መልስ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ የተማሪ ቤት ዩኒፎርም ይዤ ነበር።

ሰዓቱ ጥቂት ጊዜ ወልቆ ከነበረ ስንሞላው ነው። አታስቢ። አሁን ታስሯል፣ አይወልቅም።

በዚህ ሰሞን ለመምጣት እንዳታስቢ። መንገዱ ላንቺ ጥሩ አይደለም፤ ቤቱም ቀለም እየተቀባ ነው። በሰላም ከተገላገልሽ በኋላ ትመጫለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ሰዓት የሚያየው ልብን ብቻ ነው፣ ወይስ ሰውዬውንም ያያል?

አክስትሽ


የካቲት 4

ለእቴቴ፤ እንደምን አለሽልኝ?

ሰዓቱ ሰው አያይም። ልብ ብቻ ነው የሚያየው።

ከወለቀበት ከተመለሰ ወዲህ ደስ የሚል ነገር እያየሁ ነው። የአባባ ልብ ማንከሱን ተወ። እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዋና ሐኪሟን «ተመልከቺልኝ፣ ዳነ» አልኳት። ስክሪኑን አየችው፣ አየችውና ትከሻዬን ነክታኝ ሄደች። ሥራ በዝቶባት መሰለኝ።

ለጡንቻው ደውዬለትም ነበር። «አባቴ እንዴት ነው?» ስለው «ጋሼ? ጋሼማ አሁን እኮ ኮሪደር ላይ አየኋቸው!» አለኝ። ድምፁ ግን ደረጃ ሮጦ የወጣ ሰው ድምፅ ነበር። ክብደት እያነሳ ይሆናል። የመድኃኒት ቤቷንም ጠየቅኳት፤ እሷም ያንኑ ቃል፣ አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ ነገረችኝ።

ደስ ብሎኛል። ደስታዬን ግን ማጣጣም እፈልጋለሁ። አባባ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን አንዲት ነገር ገልብጪልኝ። ቀልድም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን።

የወንድምሽ ልጅ


የካቲት 26

ለድምቡሼ፤ ምርቃቴ ካለሽበት ይድረስሽ።

ሰሌዳው ላይ «ደህና ነኝ፤ አንቺ ለራስሽ አስቢ» ይላል። ጠመኔ አልቆበት ነው ያሳጠረው።

ልማዱን አልተወም። ሲመሽ ካፖርቱን ለብሶ ይወጣል። ካፖርቱ ትንሽ ሰፍቶታል። ትከሻውን ላጥብበው ብዬ ስፌቱን ፈትቼ ነበር፤ መቀሱ አልሄድ አለኝና መልሼ እንደነበረው ሰፋሁት። ባለፈው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደረጃውን ስትወጣ ከጀርባ አየችውና «ጋሼ!» ብላ መጮኋን ኋላ ነገሩኝ። ዞር ሲልላት የያዘችውን ብልቃጥ ለቀቀችው። ክኒኑ ደረጃ ለደረጃ እየነጠረ ወረደ። እኔና እሷ ተንበርክከን ስንለቅም ቀና ብላ አላየችኝም።

አሁን እሱ ክፍል ነው የምተኛው፤ ኢንተርኔቱ እዚያ ይሻላል ብለውኝ ነው። አልጋው መሃሉ ጎድጉዷል። በየትኛው ጎኔ ብጋደም ተንሸራትቼ እዚያው እገባለሁ። እሱ ረጅም፣ እኔ ድንክ፤ ጉድጓዱ ግን ልክክ ይለኛል።

የማይገባኝ ነገርም አለ። የምሰፋው ልብስ መኪናዋ ላይ እያለ፣ ሲመሽ ግራ እጄ ይነሳል። እኔ አላነሳሁትም። ቀጥሎ እግሬ፣ ቀጥሎ እኔ። ኮሪደሩ ጫፍ ስደርስ ደግሞ እጄ በጎን ይዘረጋል። ከኋላዬ ማንም የለም። ዞሬ ግን አላይም፤ ካየሁ ይኖራል እላለሁ።

ደረጃው ከበደኝ። መሃሉ ላይ ዓይኔ ይጨልማል፣ ግድግዳውን ይዤ እቆማለሁ። እሱን ማለቴ ነው። የእሱ ዓይን ይጨልማል።

አክስትሽ


መጋቢት 12

ለእቴቴ፤

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬያለሁ፣ አትቀየሚኝ።

ትናንት ፈረቃ ላይ ሆኜ ስልኬን አየሁ። እናንተ ጋ መምሸቱ ነበር። መስመሩ እንደ ሰሞኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆየ፣ ቆየና ሁለት መታ። አረፈ። ሁለት መታ። አረፈ።

የአባባ አረማመድ! ከሺህ መሃል የምለየው! ያ ልብ ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ እንደሌለ የማውቀው እኔ፣ በር ከፍቶ የገባ መስሎኝ ዞሬ በሩን አየሁት። በሩ ዝግ ነው። ስልኩ ላይ ግን እየተራመደ ነው።

ዋና ሐኪሟን ጠራኋት። ብዙ አየችውና «ይሄ ሰው ወንድም ወይም እህት አለው?» አለችኝ።

«እህት አለችው።»

«እንዲህ ያለው የልብ ድካም በዘር የሚሄድ ዓይነት አለው። እንደ አፍንጫ ቁጠሪው፤ አንዱ ላይ ያየሽውን ሌላዋም ላይ ታገኚዋለሽ። እሷ በቶሎ ትታይ። አንቺንም እናይሻለን፣ ልጁንም ሲወለድ እናየዋለን። መጀመሪያ ግን እሷ።»

አባባ ሐኪም ቤት እምቢ እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። እሱ ቤት ይቀመጥ፤ አንቺ ሂጂለት። የምርመራው አልጋ ላይ አንቺ ተኚ። «ደረጃ ላይ ዓይኔ ይጨልማል» በያቸው። ደረትሽን ያዳምጡት። መሣሪያ ይግባ ካሉ አንቺ ላይ ይግባ። አባባ በዚህ ይድናል። እንዴት ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የባለሙያ ምክር ነው ብለሽ ተቀበዪ።

እለምንሻለሁ እቴቴ።


ሚያዝያ 2

ለድምቡሼ፤ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ።

ምክርሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብልህ ነሽ፤ ከማን እንደወጣሽም አውቃለሁ። ግን አይሆንም። የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ጠይቄያት «ሰዓቱም ቀለበቱም ይወልቃል እኮ፤ ምናልባትም አስተኝተው ያቆዩዎታል» አለችኝ። ሰዓቱ ሲወልቅ አንቺ እዚያ ማዶ ምን እንደምታዪ አውቃለሁ። ሐኪምሽ እንዳትደነግጪ ብላ የለ? አንዴ የጨነገፈብሽ ይበቃል።

ግንቦት ሊደርስ ነው። ልጅሽን እቀፊ፤ ከዚያ ወዲያ የሚወልቅ ይውለቅ። እስከዚያ አባትሽ ይራመዳል።

እኔ ያው ነኝ። ባለፈው ግንባሬን ስፌት መኪናዋ ላይ ደፍቼ ነቃሁ። እንቅልፍ አይደለም፤ ምን እንደሆነ እንጃ። የሚገርመው ልብሱ አልቆ ነበር። ስፌቱ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፉ ሄዷል፣ ክሩም ተቋጥሯል። ማን እንደቋጠረው እኔ አላውቅም።

አክስትሽ


ሚያዝያ 15

እቴቴ፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኔም ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ሰቅዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ ሞቷል።

ይኸው አልኩት። ጣራው አልወደቀም። ድንጋጤዬን በጥር ደንግጬ ጨርሻለሁ። ልጁም ሆዴ ውስጥ አብሮኝ ደንግጦ አብሮኝ ተረጋግቷል፤ አሁን ራሱ ጎኔን እየረገጠኝ ነው።

ያን ቀን ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ዕረፍቷ ስትረዝም፣ ስትረዝም አየሁ። ስልኩን በጣቴ እየነካሁ «ተነስ አባባ፣ ተነስ» እል ነበር። ከዚያ ባዶ ሆነ። የቆመ ልብና የወለቀ ሰዓት ይለያያሉ፤ እንጀራዬ ነው፣ አይጠፋኝም። ወልቆ ነው። የመጨረሻዋን እንዳላይ ያወለቀውን ሰው አመሰገንኩት። ቀብር አልቆ ይሆናል ባልኩበት ሰዓት ሌላ ልብ መጣ። ስንት ዓመት ያነከሰ ልብ ባንድ አዳር ቀጥ ብሎ ይሄዳል? የውሻውንስ ነቅተንበታል አይደል!

ለምን ዝም አልሽ ትዪኛለሽ። ሲመሽ ስልኬን ስከፍት ኮሪደሩ ላይ የሚራመድ ሰው ስለነበረ ነው። አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ካልተናገርኩት ግን እሱም ሊሆን ይችላል። አንቺ ለእኔ ብለሽ፣ እኔ ለእኔው ብዬ፣ ሁለታችን አንድ ሙት ስናራምድ ከረምን።

አሁን ግን ያችን ዕረፍት አንቺ ላይ አያታለሁ። በታኅሣሥ የእሱ የነበረችበት ቦታ ደርሳለች። ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄድ አይቻለሁ። አውልቂው እቴቴ። ከእንግዲህ የምትደብቂኝ ነገር የለም፤ የሚቀረን ያንቺ ልብ ብቻ ነው።

ለጡንቻው ደውዬ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ «ጋሼ ኮሪደር ላይ ናቸው» አለኝ፤ «ተው» ስለው ያ ሁሉ ጡንቻ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስታበቂ በሩ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። እምቢ ካልሽ እንደ ክብደት አንስቶሽ ይሄዳል።

የወንድምሽ ልጅ


ሚያዝያ 29

ለልጄ፣ ለድምቡሼ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። ለካ ማንም ሳያረዳሽ ተረድተሽ፣ ማንም ሳያቅፍሽ አልቅሰሽ ኖሯል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ጠመኔ አለቀበት እልሻለሁ።

የምጽፍልሽ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ትናንት ልቤን አዩት። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ መብራት ዘርግቶ «እስካሁን በእግርዎ መሄድዎ ይገርመኛል» አለኝ፤ ከንፈሩን አይቼ እንዳልገባኝ ሆንኩ። መሣሪያው ዛሬ ይገባል። ቀላል ነው ይላሉ። እነሱ ምን አለባቸው፣ ደረቱ የእኔ! ጡንቻው ከጎኔ ነው። ከእኔ ይልቅ እሱ ያልበዋል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እጁን ይዛዋለች፤ የማላይ መስሏቸው።

ያወለቀውን ሰው አመሰገንኩ ብለሻል። እኔ አይደለሁም። ያን ቀን ጠመኔ መያዝ አቅቶት ነበር። በቀኝ እጁ ማሰሪያውን ፈታ፣ ሰዓቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። እንዳታዪ ነው ያወለቀው። እኔ ተሯሩጬ ሰው ጠርቼ ስመለስ አልቆ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ያችን አረንጓዴ መብራት ከሆዱ ብልጭ ድርግም እያደረገ ልብ ይፈልግ ነበር። ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ እሱ ብቻ ይፈልጋል። አንቺም እዚያ ማዶ ስትፈልጊ ታየኝ። አሳዘናችሁኝ፣ አሰርኩት። የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ሊጠሩኝ ነው። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ በፊት መስመሩ ይቆማል። ጡንቻውን ደውልላት ብዬዋለሁ፤ ብትፈሪም እመኚው። ስክሪኑን ግን አታዙሪ፣ እዪው። ይሄኛውን ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ እየሳቅሁ። ማታ ማታም ስልክሽን መጠበቅ ተዪ፤ ተኚ፤ ልጅሽን ጠብቂ። ስነቃ በራሴ እጅ እጽፍልሻለሁ።

ሰዓቱን ለጡንቻው እሰጠዋለሁ። ቤት ወስዶ ካፖርቱ ኪስ ይከተዋል፣ ካፖርቱንም በሩ ጀርባ ይሰቅለዋል። ቁልፉም እሱ ጋ ይቆያል፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

እንግዲህ ሲመሽ መስመሩ ከተነሳ፣ እኔ አይደለሁም።

አክስትሽ